ለሪታ የሞቀው ቤት

ሟቹ የተገኘው ሳሎኑ በር አጠገብ በጀርባው ተኝቶ ነው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ ከሶፋው የወረደ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ተስቦለታል። አስተኛኘቱን ላየ ሰው በጥንቃቄ ያስተኙት ይመስላል እንጂ የተገደለ አይመስልም። የራስ ቅሉ ግን ከኋላ ተፈንክቷል። ወደ ባሕሩ የሚያየው ትልቁ መስኮትም ተሰብሮ መስታወቱ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል።

ኢንስፔክተር ቤኒታ ሮልዳን ካፖርቷን እንደለበሰች ክፍሉን ዞረችው። የጥር ፀሐይ ውጭ በረንዳውን ታሞቃለች፤ ውስጥ ግን እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። የባሕር ዳሯ መንደር የፑንታ ሴካ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ለበጋው ሙቀት ነው የተሠሩት፤ ጥር ደግሞ እዚህ ክረምት ነው።

«መስታወቱ ወደ ውስጥ ነው የወደቀው» አለ ረዳቷ ኩሮ። «ከውጭ ነው የሰበሩት። ምንጣፉ ደግሞ ከሶፋው እስከ በሩ ተሸብሽቧል። ሰውየውን ጎትተውታል።»

«ምን ወሰዱ?»

«ምንም። የኪስ ቦርሳው እዚያ ነው፣ ሰዓቱም እዚያው፣ ስልኩም።»

«ታዲያ ለምን ገቡ?»

ኩሮ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሌባው ደንግጦ ይሆናል፣ አለቃ። ባዶ ቤት መስሎት ገብቶ ሰው ሲያገኝ መትቶት ሸሸ።»

«እና ሲሸሽ ብርድ ልብስ አለበሰው?»

ኩሮ ማስታወሻውን ገለጠ።

ሟቹ ሊቨን ዳለማንስ ይባላል፤ ከቤልጅየም የመጣ ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በአገሩ የጀልባ መተላለፊያ ቦይ ላይ የውሃውን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። ቤቱን እሱና ሚስቱ የገዙት ባለፈው መከር ነበር፤ በብርዱ ወራት እየመጡ ሊያሳልፉበት። ይህ የመጀመሪያ ክረምታቸው ነው። እሱ ቀድሞ መጣ፤ ሚስቱ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባለው አውሮፕላን ትደርሳለች።

ኩሮ ይህን ሲነግራት ቤኒታ ዓይኗን ጨፈነች። «ማንም እንዳይደውልላት» አለች። «እኔው ሄጄ እቀበላታለሁ።»

*

ፖሊስ የጠራችው ጎረቤቲቱ ዶኛ ቪሲ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጥቁር እንጂ ሌላ ለብሳ አታውቅም፤ ምላሷ ግን አንድም ቀን ሐዘን ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ውሻው አይናከስም፣ ጥርሱ አልቋል። ጠዋት ይዤው ስወጣ ነው መስኮቱን ያየሁት። መጀመሪያ 'ደግ አደረጉት!' አልኩ። ከዚያ እግሩን አየሁና አማተብኩ።»

«ለምን ደግ አደረጉት አሉ?»

«የጃስሚን አበባዬን ቆርጦብኛላ! ባሌ የተከለውን። ግድግዳዬ ላይ ወጣብኝ ብሎ በመቀስ ሙልጭ አደረገው። ረገምኩት። መንደሩ ሁሉ እየሰማ ነው የረገምኩት፤ ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «በማግስቱ አንድ ችግኝ ይዞ መጣ። ቋንቋ አይችል፣ በእጁ ነው የሚያወራው። ይቅርታ ማለቱ ነው። እኔ ግን በሩን ዘጋሁበት። አሁን ያን በር ምን ላድርገው?»

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«የመስታወት ድምፅ። ገና አልነጋም ነበር። ነፋስ የአበባ ማሰሮ ጣለ ብዬ ተኛሁ።» ወደ ጎረቤቱ ቤት በአገጯ ጠቆመች። «ያ ቤት ዕድል የለውም። የቀድሞዋ ባለቤት ኤንግራሲያም በብርድ ወቅት ነው እዚያው ሳሎን ውስጥ ወንበሯ ላይ እንዳለች የቀረችው። ልቧ ነው አሉ። የምታሳድጋት ቢጫ ወፍ እንኳ በዚያው ቀን ሞተች። በሐዘን ነው የሞተችው። ወፍ ከሰው ይሻላል።»

*

ሪታ ዳለማንስ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር በከዘራ ተደግፋ ወጣች። ወፍራም ካፖርቷን አውልቃ ክንዷ ላይ አንጠልጥላዋለች። የፖሊስ መታወቂያ የያዘች ሴት ስሟን ስትጠራት መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ባሏ የላካት መስሏት።

ቤኒታ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ሠርታለች። ማሳጠር ይሻላል ብላ ስለምታምን በአጭሩ ነገረቻት።

ሪታ አልጮኸችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቶቿን ማሸት ጀመረች። ለዚህ ቤት ስትል በማታ ትምህርት የተማረችውን ቋንቋ ቃል በቃል እየፈለገች «ትናንት ማታ ተነጋግረናል» አለች። «ደስተኛ ነበር። 'ቤቱ በረዶ ነው፣ ግን ስትመጪ ግድግዳው ሳይቀር ይሞቅልሻል። ማሞቂያውን ሌሊቱን ሙሉ አላጠፋውም' አለኝ። እዚያው አጠገቡ ሶፋው ላይ ልተኛ ነው አለኝ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ቃል ገባልኝ። እሱ ቃል ከገባ...» አልጨረሰችውም፤ እንባዋ ቀደማት።

ቤኒታ ክንዷን ይዛ ወደ መኪናው ስትወስዳት አንድ ነገር ከነከናት። ጠዋት ያየችው ማሞቂያ ጠፍቶ ነበር። ጎኑ የቆመው የጋዝ ሲሊንደርም ከላይ መዝጊያው ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቶ ነበር።

ታዲያ ማን ዘጋው?

*

«የተጣላኸውን ሰው ሞት ሰምተህ እንዲህ ፀጉርህን ተቀብተህ መምጣትህ ይገርማል» አለ ኩሮ።

ደላላው ኔስቶር ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ቤቱን ያሻሻጠው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሊቨን ቢሮው ገብቶ ጠረጴዛ ሲደበድብ መንገደኛ ሁሉ ሰምቷል።

«'ሞቃት ቤት ነው ብለህ ዋሸኸኝ' አለኝ። እኔ ያልኩት 'ሞቃት አገር' ነው! ቤቱና አገሩ አንድ ነው እንዴ?»

«የቤቱ ቁልፍ አንተ ጋ አለ» አለች ቤኒታ። «ትናንት ማታ የት አደርክ?»

«ቤቴ።»

«ሚስትህ ሌላ ነው ያለችን።»

ኔስቶር ቀላ። ካልሲውን አየ፣ ጣራውን አየ። በመጨረሻ ማደሪያው የአንድ ጀርመናዊ ደንበኛ ባዶ ቤት እንደነበር፣ ብቻውንም እንዳልነበር ተናገረ። አብራው ያደረችው ሴት ተጠርታ ስትመጣ፣ ከቃሏ ይልቅ ንዴቷ መሰከረለት፤ «ሚስቴን ፈትቻለሁ ብሎኝ ነበር እኮ!» አለች።

ኔስቶር ሊወጣ ሲል ቤኒታ አስቆመችው። «ለመሆኑ ቤቱን ከማን ነው የተረከብከው?»

«ከኤንግራሲያ ልጅ ከፌርሚን። ግንበኛው። ለሽያጭ እንዲያምር ቀለም ቀቢዎች ልላክ ብዬው እምቢ አለኝ። ሳሎኑን ማንም አይነካውም፣ ራሴ እቀባዋለሁ አለ። ሰው የእናቱን ቤት ሲሸጥ እንዲህ ነው፣ ይረበሻል።»

*

ፌርሚንን ያገኙት በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ደረጃ ሲጠግን ነው። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ትንሽ የሚናገር ሰው ነው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ሴራሚክ ቆረጠኝ።»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበርክ?»

«መቃብር ቦታ። በየማለዳው ከሥራ በፊት ወደ እናቴ እሄዳለሁ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

እውነትም መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቤኒታ ራሷ አበባ ይዞ ኮረብታውን ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ እንዲህ የሚያዝን ልጅ ያላት እናት ታድላለች ብላ ታውቃለች።

«ቤልጅየማዊውን ታውቀዋለህ?»

«ቤቱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ» አለ ፌርሚን። ከዚያ የግንበኛ ማንካውን አንስቶ ሲሚንቶውን ማማሰል ቀጠለ። ሲሚንቶው ግን ደርቆ ነበር፤ እሱም ልብ አላለውም።

*

ሐኪሙ የአስከሬን ምርመራውን ጨርሶ ቤኒታን በስልክ ጠራት። ድምፁ ግራ የተጋባ ሰው ድምፅ ነበር።

«ማንም አልመታውም፣ ኢንስፔክተር። የጭንቅላቱ ቁስል ደም አላፈሰሰም። ጭንቅላቱ ሲጋጭ ቀድሞ ሞቶ ነበር ማለት ነው። ሬሳው ሲጎተት ከበሩ ደፍ ጋር የተጋጨ ይመስለኛል። የብብቱ ሥር ላይም የጣት ምልክት አለ፤ ሰው ከኋላ አቅፎ እንደሚጎትት።»

«ታዲያ ምን ገደለው?»

«ጭስ። ሽታ የሌለው፣ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የሚተኙትን የሚገድለው ዓይነት። ደሙ በሱ ተሞልቷል። ከእንቅልፉ እንኳ አልነቃም።»

ቤኒታ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። አንድ ሰው የሞተውን ሊቨን ወደ በሩ ጎትቶታል፤ ወደ አየር። መስኮት ሰብሯል፣ ጋዝ ዘግቷል። ነገሩ ለኩሮ ቀድሞ ገባው።

«አለቃ፣ ይሄ ሰው ሊያድነው ነው የገባው።»

«አዎ። ጥያቄው እንዴት አወቀ ነው። ገና ሳይነጋ፣ በተዘጋ ቤት፣ ሽታ የሌለው ጭስ ሰው እየገደለ መሆኑን ማን ያውቃል?»

እንደገና ወደ ቤቱ ሄዱ። ማሞቂያው ደህና ነው፤ ቧንቧውም አያፈስም። ቤኒታ ከዚያ ወጥታ የዶኛ ቪሲን በር አንኳኳች። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ዓመት በአንድ ሰው የተገነቡ መንትያዎች ናቸው፤ የዶኛ ቪሲ ሳሎንም ማሞቂያ አለው። እሱ ካለበት በላይ ጣራው አጠገብ አንድ፣ ከታች ወለሉ አጠገብ አንድ፣ ወንፊት የለበሱ ቀዳዳዎች አሉ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው፣ ዶኛ ቪሲ?»

«የሲኦል በሮች ናቸው! ነፋሱ በነሱ እየገባ እግሬን ይበላኛል። ግን ጋዝ ባለበት ቤት ጭሱ እንዲወጣ እንዳይደፈኑ ሕግ ነው ይላሉ። ኤንግራሲያም ሁልጊዜ ስታማርር ነበር። ኋላ ግን ተወችው።»

«ለምን ተወችው?»

«እንጃ። ልጄ መላ አገኘልኝ አለችኝ።»

ቤኒታ ወደ ሟቹ ቤት ተመልሳ ግድግዳውን በጣቷ መታችው። ቀለሙ ነጭና ለስላሳ ነው። ወለሉ አጠገብ ስትደርስ ድምፁ ተለወጠ። ኩሮ በቢላ ፋቀው፤ ከቀለሙ ሥር ልስን፣ ከልስኑ ሥር ወንፊት ወጣ። የላይኛውም እንዲሁ ነበር። ልስኑ በሰለጠነ እጅ የተሠራ ነው፤ ካላወቁት አይታይም።

«ወፏ» አለች ቤኒታ።

«ምን?»

«ወፏ በሐዘን አልሞተችም።»

ከዚያ ብዙ አልቀራቸውም። ኩሮ ወደ መቃብር ቦታው ወጣ። ጠባቂው ያን ዕለት ማለዳ የብረት በሩ ወልቆ ሲበየድ እንደነበር፣ እስኪጠገንም ማንም እንዳልገባ ነገረው። ፌርሚን በየማለዳው የሚሄድበት ቦታ ያን ቀን ዝግ ነበር። እሱ ግን ይህን አላወቀም፤ ስላልሄደ።

*

ቤኒታ ፌርሚንን በካቴና አላስመጣችውም። ቤቱ ሄዳ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፊቱ ተቀመጠች። ፋሻውን እንዲፈታ ጠየቀችው። ፈታው። የመስታወት ቁስል ነው።

«ንገረኝ» አለችው።

ፌርሚን ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈው። ሲጀምር ግን ቃሉ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሳይቋረጥ ወጣ።

«እናቴ ብርድ አትችልም ነበር። 'የሰው ቤት ሁሉ ስታበጅ የእናትህን ቀዳዳ መድፈን አቃተህ?' እያለች ታሾፍብኛለች። አንድ እሑድ መጥቼ ሁለቱንም ደፈንኩላት። ሕጉን አውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር። ግንበኛ ነኝ። በሩ ሥር ክፍተት አለ፣ እሱ ይበቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በጣም ደስ አላት። የድንች ኦሜሌት ሠራችልኝ። እጄን ይዛ ሳመችው፣ ይሄን እጅ።»

ቤኒታ አላቋረጠችውም።

«ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ አሮጊት ናት፣ ማን ይጠይቃል? ከቀብር ስመለስ የወፏን ጎጆ አየሁት። ጀርባዋ ላይ ወድቃለች። ቁጭ ብዬ አየኋት። ወፍ የልብ ሕመም የለባትም።»

«ያኔ አወቅክ።»

«ያኔ አወቅኩ።»

«ለምን አልከፈትከውም ታዲያ? መዶሻ ብቻ ነበር የሚፈልገው።»

«መዶሻውን ይዤ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ግድግዳው ፊት እቆማለሁ፤ እጄ አይነሳም። ከከፈትኩት እኔ ገደልኳት ማለት ነው። ካልከፈትኩት ልቧ ነው። ቀለም ቀባሁበትና ለሽያጭ አወጣሁት። የውጭ አገር ሰዎች ይገዙታል፣ እነሱ በበጋ ነው የሚመጡት፣ በበጋ ማን ማሞቂያ ያበራል ብዬ ነው።» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። «የተፈራረምን ቀን ሚስትየዋ ጉልበቷን እያሸች 'ለክረምት ነው የገዛነው፣ የኛ አገር ብርድ አጥንቴን ጨረሰው' አለችኝ። ፈገግ አልኩላት። ምንም ሳልናገር ፈገግ አልኩላት።»

«ትናንት ማታስ?»

«ቡና ቤት ነበርኩ። ሰውየው ገባ፣ ለሁላችንም ወይን አስቀዳ። ሚስቴ ነገ ትመጣለች እያለ በእጁ ያሳያል። ማሞቂያ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ እያለ እንደ እሳት ጣቶቹን ያወዛውዛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ሰው ነበር፣ ኢንስፔክተር። የሚያውቁኝ ሰዎች ነበሩ። መልሼ ዘጋሁት።»

«ከዚያ?»

«ቤቴ ገብቼ ተጋደምኩ። ያበራው ይሆን? አያበራው ይሆን? ልሂድ፣ ሄጄ ምን ልበል? ሰማዩ ሊቀላ ሲል አልቻልኩም፣ ሮጥኩ። አንኳኳሁ፣ ጮህኩ። መስኮቱን ሰበርኩ፣ ጋዙን ዘጋሁ። እስከ በሩ ጎትቼው ፊቱን ሳየው... እንደ እናቴ ነው። ጉንጩ ቀልቷል፣ ሞቆት የተኛ ነው የሚመስለው። ዓይኑን ዘግቼ ብርድ ልብሱን አለበስኩትና ሸሸሁ።»

ቤኒታ ቀና ብላ ልትነግረው የምትችለውን ነገር ፈለገች። በሙያዋ ክፉ ሰዎችን ብዙ አይታለች፤ ከነሱ ጋር ሥራው ይቀላል። ይህ ሰው ግን አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠበቅበት፤ የመጨረሻው ምሽት ላይ እንኳ፣ በወይን ብርጭቆ ፊት፣ በምልክት ቢናገራት ይበቃ ነበር።

«ካፖርትህን ልበስ» አለችው። «ውጭ ይበርዳል።»

*

ሪታ እውነቱን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው ነገር ቤኒታ ያልጠበቀችው ነበር።

«እኔ ነኝ አብራ ያልኩት። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ መግባት አልፈልግም አልኩት። እንደ ሕፃን አማረርኩበት።»

«አላወቁም ነበር፣ እመቤቴ።»

«አላወቅኩም» አለች ሪታ። «ያ ሰው ግን ያውቅ ነበር። ልየው።»

ቤኒታ ይህን መፍቀድ አልነበረባትም። ፈቀደች።

ፌርሚን ከፖሊስ ጣቢያው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ነበር። አሮጊቷ በከዘራዋ እየተራመደች ስትገባ ሊነሳ ሞከረ፤ መልሶ ተቀመጠ። ሪታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው። የተፈራረሙ ቀን ፈገግ ያለላትን ሰው እየፈለገች ይመስላል።

«እናትህ ማን ትባላለች?» አለችው።

ሁሉን ነገር ጠብቆ ነበር፤ ስድብ፣ ልቅሶ፣ ምራቅ። ይህን ግን አልጠበቀም።

«ኤንግራሲያ።»

«የኔ ባል ሊቨን ይባላል። በል አንተም።»

«ሊ... ሊቨን።»

«እንደገና።»

«ሊቨን።»

ሪታ ራሷን ነቀነቀች። ቃላቱን እየፈለገች፣ አንዳንዱን እያረመች፣ በዝግታ ተናገረች። «ይቅር ልልህ አልመጣሁም። አልችልም፣ ምናልባት አንድ ቀን እችል ይሆናል፣ አላውቅም። የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁህ፣ እዚህም ሆነ ዳኛው ፊት፣ አንድ ሰው ሞተ አትበል። የሁለቱንም ስም ጥራ። እናትህንም ጨምር። እሷም እንዲሁ መቅረት የለባትም።»

ፌርሚን በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እናቱ ከተቀበረች ጀምሮ መንደሩ ሲያለቅስ አይቶት አያውቅም ነበር።

ሪታ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ቤኒታ ተከትላት ወጣች። ውጭ ፀሐዩ ሞቅ ብሏል፤ ቱሪስቶች በሸሚዝ ብቻ ሆነው ባሕሩ ዳር ይሄዳሉ። ሪታ ግንቡ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ወደ ፀሐዩ ዘረጋቻቸው።

«ጉልበቴ» አለች ጥቂት ቆይታ። «ዛሬ አያመኝም።»

ከዚያ ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች፤ ቤኒታም አጠገቧ ተቀመጠች።